ከካርዱ አስቀድሞ ሞኒተሩ፤ የምስል መሥመር ታሪክና የቤት ውስጥ የጨዋታ ሣጥን

ከፒያሳ ተነሥቶ ሰሜን ማዘጋጃን በማለፍ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣው መንገድ አዲሱ ገበያ ሲደርስ ከተማውን ከሱሉልታና ከጎጃም አውራ ጎዳና ጋር ያገናኛል። በጉለሌ የሚገኘው ይህ ሰፈር የገበያተኛና የመንገደኛ ሰፈር እንደመሆኑ መጠን፣ ሥራ ብቻ ሳይሆን የትርፍ ጊዜ ጨዋታም የሚታወቅበት ነው። እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ የጆተኒ ጠረጴዛ በየመንደሩ መግቢያ ልጆችን ሲሰበስብ ኖሯል፤ ኋላም ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባሉት ጠባብ ክፍሎች ከአሮጌ ቴሌቪዥኖቻቸው ጋር ተተኩ። ከእነዚህም ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ዛሬ በስስ ስክሪን ተለውጠው፣ በየጥገና ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሰው ይገኛሉ።

እንበልና በዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ ከእነዚህ የተጣሉ የምስል ቱቦዎች አንዱን አንሥቶ፣ ከጣውላ ሣጥን ሠርቶ፣ አሮጌ ኮምፒዩተር አግብቶበት፣ በሌላው ዓለም በሳንቲም ይሠራ የነበረውን የመጫወቻ ሣጥን ለቤቱና ለልጆቹ ሊሠራ ተነሣ። የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛውን የግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ካርድን የሚመርጠው ሰውዬው ሳይሆን ሞኒተሩ ነውና። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነውን የምስል መሥመር ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው፣ የምስል ቱቦ ባለው ሞኒተር ውስጥ ምስል የሚሳለው በአንድ ጊዜ አይደለም። ከቱቦው አንገት የሚወጣው የኤሌክትሮን ጨረር፣ ገበሬ ማሳውን በትልም በትልም እንደሚያርስ ሁሉ፣ የስክሪኑን ገጽ ከግራ ወደ ቀኝ በመሥመር በመሥመር ያርሰዋል። ልዩነቱ ገበሬው ሲመለስም የሚያርስ ሲሆን፣ ጨረሩ ግን ባዶውን በፍጥነት ወደ ግራ ተመልሶ አዲስ መሥመር መጀመሩ ነው። ጠጋኞች ፍላይባክ የሚሉት ትራንስፎርመር ስሙን ያገኘው ከዚህ የመልስ ጉዞ ነው፤ ቱቦው የሚፈልገውን ከፍተኛ ቮልቴጅም የሚያመነጨው በዚሁ ቅጽበት ነው። በሴኮንድ የሚሳሉት መሥመሮች ብዛት የመሥመር ድግግሞሽ ሲባል፣ በሴኮንድ የሚሳሉት ሙሉ ገጾች ብዛት ደግሞ የገጽ ድግግሞሽ ይባላል። የሞኒተሩ ጠቅላላ ባሕርይ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይወሰናል።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው ሊባል ይችላል። በዚያ ዕለት፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚታሰብበት ቀን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቶምሰን በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ረዳትነት ሥራውን ጀመረ። የተመረጠው ሥርዓት 625 መሥመር ያለው፣ በሴኮንድ 25 ሙሉ ምስል ወይም 50 ግማሽ ገጽ የሚያሳየው ነበር። 625 በ25 ሲባዛ 15,625 ይሆናል፤ ስለሆነም በአዲስ አበባ ቤቶች የገባው እያንዳንዱ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 15,625 መሥመር እንዲስል ሆኖ የተሠራ ነበር። እንግሊዝ ራሷ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ405 መሥመር ስትሠራ ቆይታ፣ 625 መሥመርን በመደበኛነት የጀመረችው በ1964 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ 2 ሲከፈት መሆኑን ስናስብ፣ ኢትዮጵያ ዘግይታ በመጀመሯ የአሮጌውን ሥርዓት ሸክም ሳትሸከም ማለፏን እንገነዘባለን። ይህን ቁጥር በጆሮ የሰሙትም አሉ፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ሲከፈት ሕፃናትና ወጣቶች የሚሰሙት፣ ሽማግሌዎች ግን የማይሰሙት ቀጭን ፉጨት የዚሁ የ15,625 ሄርትዝ ድምፅ ነው።

በአንጻሩ አሜሪካና ጃፓን የተከተሉት ሥርዓት 525 መሥመርና በሴኮንድ 30 ምስል ነበር፤ ብዜቱ 15,750፣ ቀለም ከተጨመረ በኋላ ደግሞ 15,734 ይሆናል። ሁለቱ ሥርዓቶች በገጽ ድግግሞሽ 50 እና 60 ሆነው በግልጽ ይለያያሉ። የዚህም መነሻ የየአገሩ የኤሌክትሪክ መሥመር ድግግሞሽ ነው። በመሥመር ድግግሞሽ ግን ልዩነታቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ትንሽ የሚመስል እውነት ለተነሣንበት ጉዳይ ታላቅ ትርጉም አለው፤ ለአዲስ አበባ የተሠራ የቴሌቪዥን ቱቦ፣ በመጠነኛ ማስተካከያ፣ ለቶኪዮ ወይም ለካሊፎርኒያ የተሠራን የጨዋታ ምስል ሊስል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጫወቻ ሣጥኑ ታሪክም የሚነሣው ከዚሁ ከቴሌቪዥን ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የተሰኘውን ጨዋታ በካሊፎርኒያ አንድ መጠጥ ቤት ለሙከራ ሲያቆም፣ መሐንዲሱ አለን አልኮርን ለሞኒተርነት የተጠቀመው ከሱቅ የተገዛ ጥቁርና ነጭ የሂታቺ ቴሌቪዥን ነበር። ከዚያ በኋላ ስፔስ ኢንቬደርስ በ1978፣ ፓክማን በ1980 እ.ኤ.አ. ሲወጡ፣ የሞኒተር ፋብሪካዎች ጣቢያ መሳቢያውን ከቴሌቪዥን አስወግደው፣ የቀሩትን የጠረጋ ክፍሎች በዚያው በ15 ኪሎ ሄርትዝ ሠርተው ለጨዋታ ሣጥን አቀረቡ። የጨዋታው ንድፍ አውጪዎች ግን ከቴሌቪዥን ጣቢያ በአንድ ነገር ተለዩ። ጣቢያው ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸውን መሥመሮች እየለዋወጠ በሁለት ግማሽ ገጽ አንድ ምስል ሲልክ፣ እነርሱ ግን ግማሹን ገጽ ብቻ እንደ ሙሉ ምስል ቆጥረው፣ ወደ 240 የሚጠጉ መሥመሮችን በሴኮንድ 60 ጊዜ በዚያው ቦታ ላይ ደጋገሙ። በመሥመሮቹ መካከል ጥቁር ክፍተት የሚታየውና ምስሉ ሳይርገበገብ ረግቶ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ለምሳሌ ያህል ፓክማን ቱቦው ወደ ጎኑ ተጋድሞ 224 በ288 ነጥብ በሆነ ገጽ፣ በሴኮንድ 60.6 ጊዜ ይሳላል።

በኢትዮጵያ ጨዋታው በየሰፈሩ የተስፋፋው በሳንቲም ሣጥን ሳይሆን በቤት ቴሌቪዥን በኩል ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ከኢሠፓ ምሥረታ በዓል ጋር ተያይዞ የቀለም ሥርጭት ሥር ሲይዝ፣ የተመረጠው ፓል የተሰኘው የቀለም ዘዴ የ15,625ን መሥመር እንደ ነበረ አጸናው። በኋላ የገቡት የቴሌቪዥን መጫወቻዎችም ለዚሁ መሥመር የተሠሩ ነበሩ። ነገር ግን በ60 የገጽ ድግግሞሽ ተሠርተው ለ50 ያለ በቂ እርማት የተዛወሩ አያሌ ጨዋታዎች ከተፈጥሯዊ ፍጥነታቸው አንድ ስድስተኛውን አጥተው፣ ከላይና ከታችም ጥቁር መቀነት ታጥቀው ይታዩ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ያደገ ልጅ የተጫወተው ጨዋታ ሠሪው ካሰበው ይልቅ የዘገየ ነበር ማለት ነው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ባለሙያ ሆኖ የጨዋታ ሣጥን ለመሥራት ሲነሣ፣ ትክክለኛውን ፍጥነት መፈለጉ የሚያስደንቅ አይደለም።

ኮምፒዩተርስ ከዚህ መሥመር መቼ ተለየ? አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ፣ ሲጂኤ የተባለው የቀለም ካርዱ በ15.7 ኪሎ ሄርትዝ ይሠራ ነበር፤ በሌላ አነጋገር የቴሌቪዥን ዘመድ ነበር። ለጽሕፈት ተብሎ የቀረበው ባለ አንድ ቀለሙ ካርድ ግን 18.4 ኪሎ ሄርትዝ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ኢጂኤ ወደ 21.8 ከፍ አለ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ቪጂኤ 31.5 ኪሎ ሄርትዝ ሲደርስ ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን ፈጽመው ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ማንኛውም ካርድ ሲነሣ የሚናገረው የ31 ኪሎ ሄርትዝ ቋንቋ ነው፤ አሮጌው ቱቦ ደግሞ 15 እንጂ ሌላ አያውቅም።

የመለያየቱ ምክንያት ጽሑፍ ነበር፤ በዚህም ረገድ የእኛው ፊደል ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። በ1982 እ.ኤ.አ. ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ፣ የዶክትሬት ጽሑፉን በአገሩ ፊደል ለመጻፍ የአይቢኤም ካርድ ባይመቸው፣ 720 በ348 ነጥብ የሚስል የራሱን ካርድ ሠራ፤ ይህም በዓለም ገበያ የታወቀው ሄርኩለስ ካርድ ሆነ። የግዕዝ ፊደል ችግርም ከዚያ የተለየ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች የፊደል ማኅደር የሚይዘው 256 ምልክት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ አብዛኛው በላቲን ፊደልና በልዩ ልዩ ምልክቶች ተይዞ ነበር። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል የመዘገበው 345 ምልክት ነው። በሲጂኤ 8 በ8 ነጥብ በሆነ ጠባብ ማሳ ላይ «ጨ»ን ከ«ጬ»፣ «ሸ»ን ከ«ሺ» ለይቶ መሳል እጅግ አዳጋች ነበር። በመሆኑም አማርኛን በኮምፒዩተር ለሚጽፍ ሰው ካርድ የሚመረጠው በፍጥነቱ ወይም በዋጋው ሳይሆን፣ ፊደሉን ሊሸከም በመቻሉ ነበር። የጨዋታ ሣጥን ሠሪውም ዛሬ በዚያው መርሕ ይመራል፤ እርሱ የሚፈልገው ግን ወደ ላይ የሚወጣ ሳይሆን ወደ ታች ወርዶ ከአሮጌው መሥመር ጋር የሚገናኝ ካርድ ነው።

መሥመሩ ባይገጥም ምን ይሆናል? የ31 ኪሎ ሄርትዝ ምልክት ለ15 ኪሎ ሄርትዝ ሞኒተር ሲላክ፣ ከሁሉ የቀለለው ውጤት ምስሉ ተቀዳዶ መታየቱ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የመሥመር ጠረጋውን የሚነዳው ትራንዚስተር ከታሰበለት ጊዜ ውጭ እየተከፈተና እየተዘጋ ሙቀትና ቮልቴጅ ሲበዛበት መቃጠሉ ነው፤ ፍላይባኩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ትራንዚስተሩ ይተካል። የምስል ቱቦ ያሠሩ የነበሩት ታላላቅ ፋብሪካዎች ግን ማምረታቸውን ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ለአንዱ አሮጌ ሞዴል ብቻ የሚስማማ ፍላይባክም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የካርድ ምርጫው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማይተካ ዕቃን የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

ካርዱ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች በሦስት ይጠቃለላሉ። አንደኛ፣ አናሎግ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ይህም ባለ 15 እግሩ የቪጂኤ መሰኪያ ወይም ዲቪአይ-አይ የሚባለው ነው፤ ዲቪአይ-አይ የሚታወቀው በጠፍጣፋው ቀዳዳ ዙሪያ ባሉት አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጡት የኤንቪዲያ 1000 ተከታታይና የኤኤምዲ አርኤክስ 400 ተከታታይ ካርዶች ይህን አናሎግ መውጫ አስቀርተዋል፤ አር9 290ም ከዚያ ቀደም ብሎ አስቀርቶታል። ሁለተኛ፣ ነጥብን በዝግታ መላክ መቻል አለበት። 320 በ240 የሆነ ገጽ በ15.7 ኪሎ ሄርትዝ ሲሳል የሚያስፈልገው የነጥብ ፍጥነት 6.5 ሜጋ ሄርትዝ ገደማ ሲሆን፣ የቪጂኤ መደበኛ ፍጥነት ግን 25 ሜጋ ሄርትዝ ነው። ወደዚያ ዝቅታ የማይወርድ ካርድ ሲያጋጥም፣ ስፋቱን ስምንት እጅ አብዝቶ 2560 በ240 አድርጎ መላክ ይቻላል፤ ቱቦው ቁመቱን እንጂ በአግድም ያሉትን ነጥቦች አይቆጥርምና። ሦስተኛ፣ ካርዱን እንዲህ እንዲሠራ የሚያዝዘው ድራይቨር መኖር አለበት።

ይህን ሦስተኛውን የፈቱት የጨዋታ ወዳጆች ናቸው። ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሜም የተሰኘው ፕሮግራም አሮጌ የጨዋታ ሰሌዳዎችን በኮምፒዩተር ሲያስነሣ፣ ሲአርቲ ኢሙድራይቨር የተባለው የተሻሻለ ድራይቨር ደግሞ የራዲዮን ካርዶች ለእያንዳንዱ ጨዋታ የራሱን መሥመርና ገጽ እንዲሰጡ አስቻለ። በዚህ ምክንያት ከአዲሶቹና ከውዶቹ ይልቅ ራዲዮን ኤችዲ 5450ን የመሰሉ፣ ከአሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚወጡ ካርዶች ተፈላጊ ሆነዋል። ከባድ ሥራ የሚጠይቁ ኋለኛ ጨዋታዎችን የሚፈልግ ሰው እስከ አር9 380ኤክስ ድረስ አናሎግ መውጫ ያላቸውን ሊመለከት ይችላል። ለፓክማንና ለዘመዶቹ ግን ትልቁ ካርድ ሙቀት ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ የእነዚህን ጨዋታዎች ሸክም የሚሸከመው የኮምፒዩተሩ ዋና ማሰቢያ እንጂ ካርዱ አይደለምና።

የሙቀቱ ነገር በአዲሱ ገበያ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ሰፈሩ በእንጦጦ ግርጌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስስ አየር ሙቀትን በሚገባ አይወስድም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅንም እንደ ወፍራም አየር አያግድም። ስለዚህ በተዘጋ ጣውላ ሣጥን ውስጥ 19 ዋት ገደማ ብቻ የሚወስደው ኤችዲ 5450 ከትልልቆቹ ይመረጣል፤ በፍላይባኩና በቱቦው የከፍተኛ ቮልቴጅ ክዳን ዙሪያ የተጠራቀመ አቧራም አስቀድሞ መጠረግ አለበት።

ከዚህ የሚበልጠው አደጋ የመብራት መቆራረጥ ነው። ኮምፒዩተር ሲነሣ፣ ድራይቨሩ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ፣ ካርዱ በራሱ ልማድ 31 ኪሎ ሄርትዝ ይልካል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተሩና ሞኒተሩ እኩል ከተነሡ ቱቦው በየጊዜው ለዚህ ምልክት ይጋለጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞኒተሩ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም በሚያዘገይ ሪሌይ በኩል ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ካበቃ በኋላ እንዲበራ ማድረግ፣ አለዚያም ከ15 ኪሎ ሄርትዝ በላይ የሆነውን ምልክት የሚያግድ መካከለኛ ሰሌዳ ማስገባት ነው።

የገመድ አገናኙም የራሱ ሕግ አለው። ካርዱ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚሰጠው 0.7 ቮልት ሲሆን፣ እውነተኛው የጨዋታ ሞኒተር ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ እጥፍ ድርብ ይጠብቃል፤ በመሆኑም ማጉያ ያስፈልገዋል። ስካርት የሚባለው ባለ 21 እግር መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ያንኑ 0.7 ቮልት ስለሚቀበል ለጀማሪ የተመቸ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ የጨዋታ ሞኒተር ለ220 ቮልት ያልተሠራ ከመሆኑም በላይ፣ ሻሲው በቀጥታ ከመሥመሩ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ቮልቴጁን ዝቅ ከማድረግ ሌላ ከመሥመሩ የሚለይ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው። የቀለም ቱቦ እስከ 25 ኪሎ ቮልት የሚደርስ ጉልበት ይዞ፣ ከጠፋም በኋላ እንደሚቆይ ባልደረቦች ያውቁታል፤ በሣጥኑ ዙሪያ የሚጫወቱት ልጆች ግን አያውቁትም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ስስ ስክሪን ገዝቶ፣ ያለውን ካርድ ሰክቶ መጫወት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ቱቦ ለሌለውም የሚሻለው መንገድ ይኸው ነው። ነገር ግን በ240 መሥመር የተሳለ ምስል በስስ ስክሪን ላይ የሚታየው ተተርጉሞ ነው፤ ትርጉሙም ጥቂት ጊዜ ይፈጃል፤ የመሥመሮቹንም ቅርጽ ይለውጣል። ቱቦው ግን ካርዱ የላከለትን መሥመር በዚያው ቅጽበት ይስላል። ልዩነቱን መመዘን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ቁም ነገር እንግዲህ አንድ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤቶች የበሩት ቱቦዎች፣ ሠሪዎቻቸው ሳያስቡት፣ ለጨዋታ ሣጥን የሚስማማውን መሥመር ይዘው ኖረዋል። እነርሱን ከፍቶ፣ ዮካቸውን ለክቶ፣ ፍላይባካቸውን ፈትሾ ማስነሣት የሚያውቁት የቴሌቪዥን ጠጋኞች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ዕውቀታቸውም የሚገኘው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ነው። በአዲሱ ገበያ ሣጥን ሊሠራ የተነሣው ባለሙያ ካርድ ለመግዛት ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት፣ ሞኒተሩን ይዞ ከእነዚህ ጠጋኞች አንዱ ዘንድ ቢሄድ፣ መሥመሩንና ገጹን፣ ቮልቴጁንና ሻሲውን አስለክቶ በወረቀት ቢጽፍ፣ የካርዱ ምርጫ በአብዛኛው በዚያው ወረቀት ላይ ተፈጽሞ ያገኘዋል። ወረቀቱም ለሣጥኑ ብቻ ሳይሆን፣ ከጠጋኙ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ የሚተርፍ መዝገብ ይሆናል።